ባለ አንድ ወንበሯ አውሮፕላን

አውሮፕላን አብራሪ ነኝ ስል ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ዱባይ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ ነው። ዱባይን የማውቃት በቴሌቪዥን ነው። እኔ የማበርራት በሰብል ላይ የተባይ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ናት። አስተናጋጅ የላት፣ ተሳፋሪ የላት፣ ምሳ የላት። ያላት አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ እሱም የኔ ነው። የሥራ ጓደኞቼ "ባለ አንድ ወንበሩ" እያሉ ይጠሩኛል። ይህን ስም ያወጡልኝ በአውሮፕላኗ ብቻ አይደለም። አርባን ተጠግቼ ሚስት የለኝም። ቤቴ አዲስ አበባ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው፤ እሱንም ቢሆን ከየወረዳው ሆቴል ስመለስ ነው የማየው። ያኔ ይህን ሁሉ እንደ ጀግንነት እቆጥረው ነበር። ሰው አያስፈልገኝም እል ነበር፤ እውነትም ይመስለኝ ነበር።

ለወሬው ስለሚያስፈልግ ስለ አውሮፕላኗ ጥቂት ልንገራችሁ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ከፊት፣ አፍንጫቸው ስር ጎማ አላቸው። የኔዋ ግን ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ደግሞ ጭራዋ ስር ነው ያላት። ክብደቷ ከፊት ጎማዎቿ በስተኋላ ስለሚያርፍ፣ መሬት ላይ ስትሮጥ ኋላዋ ፊቷን ሊቀድም ይፈልጋል። ወደ ጎን ትንሽ ዘንበል ስትል በእግር ፔዳል ቶሎ መመለስ ነው፤ ከዘገዩ ዞራ ትሽከረከራለች። አየር ላይ የዋህ በግ ናት፤ መሬት ስትነካ በቅሎ ትሆናለች።

እኔ በሀዲያ የምትገኘው የፎንቆ ልጅ ነኝ። አባቴ አቶ ላምቦሬ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። "አባባ ላምቦሬ ካሉ አሉ ነው" ይባልለታል፤ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። እናቴ በሕይወት ሳለች እኔና እሱ የምንነጋገረው በእሷ በኩል ነበር። "አባትህን ሳል ይዞታል" ትለኛለች፤ "ማርቆስ ጫማ ልኮልሃል" ትለዋለች። እሷ ስታርፍ በመካከላችን የሚያወራ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የስልክ ወሬያችን እንዲህ ሆነ፤ "ደህና ነህ?" "ደህና።" "ዝናቡስ?" "ዘንቧል።" "በል ደህና ሁን።" እሱ እዚያ በሰፊው የሣር ቤት ብቻውን፣ እኔ በአንዷ ክፍሌ ብቻዬን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ጊዜ እጄ ላይ ይዤው እቀመጥ ነበር፤ መልሼ ብደውል ግን የምለው አልነበረኝም።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ በቢላቴ ወንዝ ዳር የግሪሳ ወፍ መንጋ ወረደ፤ ድርጅታችንም እኔን መደበ። ለጊዜያዊ ማረፊያ የተመረጠውን ቦታ ስሰማ ሳቄ መጣ። ልጅ ሆኜ ኳስ የተጫወትኩበት፣ ከፎንቆ ወጣ ብሎ ያለው የግጦሽ ሜዳ ነበር። አባቴ ስበርም ሆነ ሳርፍ አይቶኝ አያውቅም። ቢያየኝ ያ የተዘጋው ነገር በመካከላችን የሚከፈት መሰለኝ። ደወልኩለት። ከሱ ጋር የምንነጋገረው በሀዲይኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

"አባዬ፣ በሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ሜዳው ላይ ላርፍ ነው።"

"የትኛው ሜዳ?"

"የኛው ሜዳ።"

"ከብቶቹስ?"

"ከብቶቹን ያነሷቸዋል። እኔን የሚያሰጋኝ ሰው ነው። ፊቷ ላይ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ሰው ይቆርጣል። እኔ ወርጄ እጄን እስካነሳ ድረስ ማንም እንዳይጠጋ። አንተ ካልካቸው ይሰሙሃል።"

"ማንም?"

"ማንም። አንተም ብትሆን።"

"እሺ። እጅህን ሳታነሳ ማንም አይጠጋም። ቃሌ ነው።"

ከእናቴ ሞት በኋላ ያወራነው ረጅሙ ወሬ ይህ ነበር። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በዋዜማው የወረዳው ግብርና ባለሙያ አማረች ደወለችልኝ። በስልክ ብቻ የማውቃት ፈጣንና ቀልጣፋ ሴት ናት። "ካፒቴን፣ ሜዳው ደርቋል" አለችኝ። "መሃል ላይ ብቻ ትንሽ ረጠብ ያለ ቦታ አለ።"

"ነጭ ጨርቅ አኑሩበትና ከላይ ልየው።"

"አባባ ላምቦሬ ግን እሱን እኔ አስተካክለዋለሁ፣ አታስቡ ብለዋል።"

"እንዴት አድርገው ነው የሚያስተካክሉት?"

ኔትወርኩ ሄደ። መልሼ ብሞክር አልሠራም። አፈርና ጠጠር ያስሞላበታል ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ ጠዋት ከሐዋሳ ተነሳሁ። መድኃኒቱ በመኪና ስለቀደመኝ ታንኬ ባዶ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቢላቴን አቋረጥኩ፤ የአዲሎ ከተማና ከኋላዋ ያለው የአምባሪቾ ተራራ በግራዬ ቀሩ። ወደ ፎንቆ ስቃረብ የልጅነት መንገዶቼን አንድ በአንድ ለየኋቸው፤ የትምህርት ቤቱን መንገድ፣ የገበያውን መንገድ፣ እናቴ የተቀበረችበትን ኮረብታ። እዚያ ላይ ስደርስ አለቀስኩ። ለማን ልንገር? ወንበሩ አንድ ነው።

ሜዳውን ዝቅ ብዬ አንድ ጊዜ ዞርኩት። ሕዝቡ የእሁድ ልብሱን ለብሶ በግራ በኩል፣ በሜዳው ጠርዝ ላይ ተሰልፏል። ከሰልፉ ፊት ዱላውን የያዘ አንድ ረጅም ሰው ብቻውን ቆሟል። አባቴን ከሰማይም ሆኜ አላጣውም። ነጭ ጨርቅ የለም። መሃሉ ላይ ከሌላው ሣር ጠቆር ያለ አረንጓዴ ታየኝ፤ እርጥበት ያገኘ ሣር ለምልሞ ነው አልኩና ለማረፍ ዞርኩ። ከግራ ቀለል ያለ ንፋስ ነበር።

አወራረዴ አሪፍ ነበር። እውነቴን ነው፣ ለአባቴ ብዬ በሕይወቴ ያረፍኩት ምርጥ ማረፍ ነበር። ሁለቱ ጎማዎች መሬቱን ሳይጎዱ ዳሰሱት፤ ፍጥነቷ ሲቀንስ ጭራዋም ቀስ ብላ ተቀመጠች። በዓይኔ ጥግ ሕዝቡ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁ። ያኔ ንፋሱ ጭራዋን ገፋ አደረጋትና አፍንጫዋ ወደ ግራ ዘንበል አለ። በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። የቀኝ ፔዳል ረገጥኩ። አልበቃትም። የቀኙን ፍሬን ጨመርኩበት።

ምንም የለም። የቀኙ ጎማ መያዝ ሲገባው ተንሸራተተ፤ ከእግሬ ስር መሬቱ ቅቤ የሆነ መሰለኝ። አፍንጫዋ ወደ ግራ መዞሩን ቀጠለ፣ ፈጠነ። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጬ ጭራዋ እንዲታዘዘኝ ጋዝ ሰጠኋት፤ ዘግይቻለሁ። በፊት መስታወቴ ሜዳው አለፈና ሰው መጣ። ነጠላ፣ ጃንጥላ፣ ኮፍያ፣ የተከፈተ አፍ። ከሁሉም ፊት አባቴ። አልሮጠም። ዱላውን በሁለት እጁ አግድም ይዞ ሕዝቡን ወደ ኋላ ይገፋል፤ እሱ ራሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። "አባዬ ሂድ!" ብዬ ጮህኩ፤ በዚያ የሞተር ጩኸት ማን ሊሰማኝ። የቀኙ ጎማ ስር የነበረው ነገር ተቀደደና ጎማው ጭቃው ውስጥ ተሰካ። የጎማው እግር ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። አፍንጫዋን ደፋች፣ ጭራዋ ተነሳች፣ ሰማዩ ከእግሬ ስር ሆነ።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ።

ተገልብጬ በቀበቶዬ ተንጠልጥያለሁ። ግራ ትከሻዬ ላይ እሳት የሚነድ መሰለኝ። እጄ ከልምድ የተነሳ ባትሪውንና ነዳጁን ዘጋ። ነዳጁ ግን ከሆነ ቦታ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ከትኩስ ሞተር ጎን ነዳጅ ሲንጠባጠብ ምን እንደሚሆን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በመስታወቱና በመሬቱ መካከል የቀረው ክፍተት ጠባብ ነበር፤ የሚታየኝ የሣር ጫፍ ብቻ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሳቱ አልነበረም። አባቴን ገጨሁት ወይስ አልገጨሁትም? ይህንን ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግኩት።

ድምፁን ሰማሁት።

"ቁሙ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ! እጁን አላነሳም!"

አለ! አባቴ አለ! እንባዬ ወደ ግንባሬ ፈሰሰ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ምን እያለ እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ።

"አባባ ላምቦሬ፣ እባክዎ! ይሞታል እኮ!" ይህ የአማረች ድምፅ ነው።

"ሰው ይቆርጣል ብሎኛል። ‘እጄን ሳላነሳ ማንም እንዳይመጣ’ ብሎኛል።" አለ አባቴ። "ቃል ሰጥቻለሁ። እኔም ራሴ አልሄድም።"

ፕሮፔለሩ ተጣሞ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ ማንንም አይቆርጥም። ይህን ግን ማን ይንገራቸው? "አባዬ!" አልኩ። መስታወቱ፣ የራስ ቁሬ፣ እናቶች "ኢየሱስ! ኢየሱስ!" እያሉ የሚያሰሙት ጩኸት ድምፄን ዋጡት። ቀበቶውን ልፈታ ብሞክር ክብደቴ ጨምድዶታል። በሩ ከመሬቱ ጋር ተጣብቋል።

አንባቢዎቼ፣ ብቸኝነትን አውቀዋለሁ ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። እሱ ብቸኝነት አልነበረም፤ ምቾት ነበር። ብቸኝነት ማለት የሚወዱህ ሰዎች ድንጋይ ቢወረውሩ በሚደርስ ርቀት ቆመው፣ እያለቀሱ፣ አንተው ባዘዝከው ትእዛዝ ሳይጠጉህ ሲቀሩ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ በገዛ እጄ ከልክዬዋለሁ። በዚያች ሰዓት ያላሰብኩት የለም። የሚሸተኝን ነዳጅ አሰብኩ፣ የእናቴን ኮረብታ አሰብኩ፣ አባቴ ቃሉን ጠብቆ ልጁ ዓይኑ እያየ ሲቃጠል ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚኖር አሰብኩ። ከሞቴ ይልቅ ይሄኛው አስፈራኝ።

በስተቀኝ ያለችው ትንሽ የጎን መስታወት ተሰንጥቃ ነበር። በክርኔ ደጋግሜ መታኋት፤ ረገፈች። ቀኝ እጄን እስከ ትከሻዬ አወጣሁና አወዛወዝኩ። ጣቶቼ ሣሩን ነኩት።

"እጁ! እጁ ወጣ!"

"ወደ መሬት ነው እንጂ መች አነሳ!" አለ አንድ ሰውዬ።

"እናንተ ሰዎች፣ ተገልብጦ እኮ ነው!" አለች አማረች፤ "የተገለበጠ ሰው እጁን እንዴት አድርጎ ያንሳ?"

እዚያው እንደተንጠለጠልኩ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ የሚሮጥ እግር ሰማሁ፤ የሽማግሌ እግር፣ ጭቃ እየረገጠ። እጄን ሁለት ሸካራ እጆች ያዙት። ከዚያ ደግሞ ፊቱ መጣ። በደረቱ ተኝቶ፣ የእሁድ ኮቱ ጭቃ ለብሶ፣ በክፍተቱ አሾልኮ ያየኛል። ነጩ ጢሙ ወደ ላይ፣ ዓይኖቹ ወደ ታች። እንዲህ ተቀራርበን ከተያየን ብዙ ዓመት አልፎናል።

"አለህ?" አለ።

"አለሁ። ነዳጅ ይፈሳል፣ ቶሎ በሉ። እሳት እንዳይኖር።"

ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጮኸ፤ ያ የቆመ ሕዝብ እንደ ጎርፍ መጣ። ክንፏን በትከሻቸው እየተቀባበሉ፣ ዛፍ ሲያነሱ እንደሚሉት "ሆ!" እያሉ ከፍ አደረጓት። አባቴ በክፍተቱ ገብቶ ቀበቶዬን በቢላ ቆረጠው። እሱ ላይ ወደቅሁ። ጎትተው አርቀው አወጡንና ሣር ላይ አስቀመጡኝ። እሳት አልተነሳም፤ ለምን እንዳልተነሳ እግዚአብሔር ያውቃል። አባቴ ግን አልተቀመጠም። ተመልሶ ወደ አውሮፕላኗ መሄድ ጀመረ።

"አባዬ፣ ወዴት ነው?"

"ሌላው ሰው! ሌላውን ሰው አላወጣነውም!"

"የምን ሌላ ሰው?"

"አብሮህ የነበረው።"

"ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።"

ቆመ። "ዛሬ ብቻህን ነህ?"

"ሁልጊዜም ብቻዬን ነኝ። አንድ ወንበር ብቻ ነው ያላት።"

ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያግድ ያላለቀሰው አባቴ፣ ያኔ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። "እኔ ሁለት ናችሁ ብዬ ነበር" አለ። "እኔና እናትህ ስንጸልይ ሁልጊዜ ‘ማርቆስንና ጓደኛውን ጠብቅ’ ነበር የምንለው።"

ለዚያ ለሌለ ጓደኛዬ ስንት ዓመት ተጸልዮለታል!

ሆሳዕና ሆስፒታል የተሰበረ የግራ ትከሻዬን አጥንት አሰሩልኝና አባቴ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። በነጋታው የድርጅታችን የጥገና ኃላፊ ጋሽ መስፍን ከአዲስ አበባ መጣ፤ አባቴ፣ አማረችና እኔ ሜዳው ላይ ተቀበልነው። ደግ ሰው ነው፣ ድምፁ ግን ትልቅ ነው። የተሰበረውን ጎማ አገላብጦ አየና ከዘንጉ ላይ የተጠመጠመ፣ የተቀጠቀጠ አረንጓዴ ነገር መዘዘ። መሬቱንም በጫማው ገለጥ ገለጥ አደረገ። ሰፋፊ የእንሰት ቅጠሎች ጭቃው ላይ በሥርዓት ተነጥፈዋል።

"ይሄንን ማነው ያነጠፈው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ ፈጠን ብሎ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። "የክብር እንግዳ ሲመጣ ደጅ ጭቃ ከሆነ እናነጥፋለን። ጎማው ንጹህ እንዲሆን ብዬ ነው።"

በኛ አገር ይህንን የማያደርግ ቤት የለም። እኔም ልጅ ሳለሁ ለመጋቢያችን ደጅ ቅጠል አንጥፌያለሁ። ጋሽ መስፍን ቅጠሉን አየ፣ የተሰበረውን የጎማ እግር አየ፣ እኔን አየ። አባቴ ዓይኖቹን ተከተላቸው። ሲገባው አየሁት፤ ባላየሁት ደስ ባለኝ። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

"ጋሽ መስፍን፣ ሪፖርትህ ላይ ያየኸውን ጻፍ" አልኩት። "ግን አንዱን ጨምርበት፤ አረንጓዴውን ከላይ አይቼዋለሁ። የት እንደሚታረፍ የሚወስነው አብራሪው ነው።"

አባቴን ያገኘሁት ከቤቱ ጀርባ ነው። እናቴ የተከለችው እንሰት መሃል ቆሞ፣ በትልቁ ቢላ እየቆረጠ ይጥላል። አንዱ ወድቋል፣ ሁለተኛውን ጀምሮታል።

"ተው አባዬ።"

"ልጄን ልገድል ነበር። በእሷ ቅጠል!"

"ተው አልኩ። እናቴ የተከለችው ነው።"

"ምርጥ ምርጡን መርጬ ነው የቆረጥኩት" አለ፣ ቢላውን ሳያወርድ። "እሷ ብትኖር እንዲህ ታደርግለት ነበር ብዬ።"

ባልታሰረው እጄ ክንዱን ያዝኩት። ክንዱ ቀጥኗል፤ መቼ እንደቀጠነ አላወቅሁም። "ከላይ አይቼዋለሁ" አልኩት። "ሣር መሰለኝ።"

"ከላይ አብሮህ የሚያይ ቢኖር ኖሮስ?"

"የለም።"

"ያ ቅጠል ነው የሚልህ የለም?"

"የለም አባዬ።"

ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጠው። በወደቀው እንሰት ግንድ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። "እስቲ እዚያ ላይ ሆነህ ምን ታደርጋለህ?" አለኝ። "ማንንም ሳታናግር?" እኔም ነገርኩት። መዝሙር እንደምዘምር፣ አንዳንዴ ሰማዩ በጣም ሲያምር ለሰው ለማሳየት ዞር እንደምል፣ ዞሬም የአውሮፕላኗን ቆርቆሮ ብቻ እንደማይ። በእናቴ ኮረብታ ላይ ሳልፍ ያለቀስኩትንም ነገርኩት። እሱም ማታ ማታ ሁለት ሰሃን እያወጣ አንዱን እንደሚመልስ ነገረኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያ ተቀመጥን፤ በሕይወቴ ከአባቴ ጋር ያን ያህል ተቀምጬ አላውቅም።

እንግዲህ ይህ ነገር ምን ለወጠህ ብትሉኝ፣ ሥራዬን አልለወጠውም። አጥንቴ ሲድን ተመልሼ በረርኩ፤ ወንበሩም ያው አንድ ነው። ሚስትም ገና የለችም፤ አማረች በወር አንዴ እየደወለች ስለዚህ ጉዳይ ትቀልድብኛለች፣ እኔም ስልኳን እጠብቃለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው። ያን ቀን "ማንም አይጠጋ" ያልኩት ስለ ፕሮፔለሩ ነበር፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ያለ ፕሮፔለርም ስለው ኖሬያለሁ። ሰዎቹም ክፉ ሆነው ሳይሆን አክብረውኝ ነው ርቀው የቆሙት። እናንተም ዘንድ እንዲህ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ እባካችሁ እጃችሁን በሚወጣበት በኩል አውጡት። ወደ ታችም ቢሆን ግድ የለም።

አሁን ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ለአባቴ እደውላለሁ። "ብቻህን ነህ?" ይለኛል ሁልጊዜ፣ መልሱ አንድ ቀን የሚለወጥ ይመስል። "ብቻዬን ነኝ" እለዋለሁ። "በል ስልኩን አትዝጋው" ይለኛል። ደንቡ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ጋሽ መስፍን ይህን ቢያነብ ይቆጣኛል። ስልኩን ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ እነሳለሁ። እሱ የሚሰማው የሞተር ጩኸት ብቻ ነው። ከኮረብታ ጀርባ ስገባ ኔትወርኩ ሲቆረጥ እሱ ወደ ማሳው ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ግን ሜዳማ አገር ነበርኩ። ረጭቼ፣ አርፌ፣ ሞተሩን አጠፋሁና ጆሮዬ ውስጥ ያ ከባድ ጸጥታ መጣ። ስልኬን ሳወጣው ግሏል፤ መስመሩ አልተቋረጠም።

"አባዬ?" አልኩ።

"አለሁ" አለ።